ፕራሳንታ ቻንድራ ማሃላኖቢስ

ፕራሳንታ ቻንድራ ማሃላኖቢስ (ጁን 29 ቀን 1893 – ጁን 28 ቀን 1972 እ.ኤ.አ.) ህንዳዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ፣ የህንድ ስታቲስቲክስ ተቋም መሥራች እና የናሙና ጥናትን በገጠር ሕዝብና በገበሬ ማሳ ላይ በሰፊው በተግባር ካዋሉት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ነበር። በዕጣ በተመረጡ ጥቂት ማሳዎችና ቤተሰቦች አማካይነት ስለ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ አስተማማኝ መረጃ ማግኘት እንደሚቻል በቤንጋል የጁት ማሳዎች ላይ አሳይቷል። ከዚያም ዘዴውን የ1943ቱን የቤንጋል ረሃብ ለማጥናት፣ ከ1950 ጀምሮ ደግሞ መላ ህንድን ለማጥናት ተጠቅሞበታል። ዛሬ በኢትዮጵያ የሰብል ምርት፣ የጤናና የኑሮ ሁኔታ የሚለካባቸው ጥናቶች የሚከተሉት መሠረታዊ አሠራር እሱና የዘመኑ ባልደረቦቹ ያዳበሩት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ማሃላኖቢስ የተወለደው ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ካልካታ (የዛሬዋ ኮልካታ) ነው። አያቱ ጉሩቻራን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከቢክራምፑር ወደ ከተማዋ መጥቶ በመድኃኒት ንግድ ኑሮውን የመሠረተ ሰው ሲሆን፣ ብራህሞ ሳማጅ የተባለው የሃይማኖትና የማኅበራዊ ተሐድሶ እንቅስቃሴ ተከታይ ነበር። እንቅስቃሴው የመደብ ልዩነትን ይቃወም፣ የሴቶችንም ትምህርት ይደግፍ ነበር። ፕራሳንታ ያደገው የካልካታ ምሁራን በሚወጡበትና በሚገቡበት ቤት ነው።

በፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ፊዚክስ አጥንቶ በ1912 ተመረቀ። ከመምህራኑ መካከል ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስና ፕራፉላ ቻንድራ ሬይ ይገኙበታል። በ1913 ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ እንግሊዝ ሄደ። እንደሚተረከው ሐሳቡ ለንደን ለመማር ነበር፤ ካምብሪጅን ሊጎበኝ ሄዶ የመጨረሻው ባቡር ስላመለጠው ከወዳጁ ዘንድ አደረ፣ የኪንግስ ኮሌጅን ቤተ ጸሎት አይቶ ስለወደደውም እዚያው ለመማር አመለከተ። በካምብሪጅ ሒሳብና ፊዚክስ ተምሮ በ1915 አጠናቀቀ። ታዋቂውን የሒሳብ ሊቅ ስሪኒቫሳ ራማኑጃንን ያወቀውም በዚያው ነው።

ከፊዚክስ ወደ ስታቲስቲክስ

ትምህርቱን እንደጨረሰ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት መርከቡ ዘገየ። በዚህ መሐል አንድ የኮሌጁ መምህር ባዮሜትሪካ የተባለውን የስታቲስቲክስ መጽሔት አሳየው። ማሃላኖቢስ እስከዚያ የወጡትን ቅጾች በሙሉ ገዝቶ በመርከብ ላይ እያነበበ ሄደ። ካልካታ ሲደርስ በፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ፊዚክስ እንዲያስተምር ተጠየቀ፤ ወደ እንግሊዝ ጥናቱ ሳይመለስም ቀረ። ስታቲስቲክስን ለረጅም ጊዜ የሠራው ከመደበኛ የማስተማር ሥራው ጎን ነው።

በ1920 የእንስሳት ተመራማሪው ኔልሰን አናንዴል በካልካታ ይኖሩ የነበሩ የህንድና የአውሮፓ ክልሶችን የአካል መጠን የያዘ መረጃ እንዲተነትንለት ጠየቀው። ውጤቱ በ1922 ታተመ። ከዚህ ዓይነት ሥራ የተነሣው ጥያቄ የተለያዩ ብዙ መለኪያዎችን አንድ ላይ ይዞ ሁለት የሰው ቡድኖች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ መለካት የሚቻለው እንዴት ነው የሚል ነበር። በ1936 ያሳተመው መልስ የማሃላኖቢስ ርቀት ይባላል። ተራ ርቀት እያንዳንዱን መለኪያ ለብቻው ይወስዳል፤ የማሃላኖቢስ ርቀት ግን መለኪያዎቹ ምን ያህል እንደሚበታተኑና አብረው እንደሚለዋወጡ ጭምር ያሰላል። ለምሳሌ ረጅም ሰው ብዙ ጊዜ ክብደቱም ከፍ ስለሚል፣ የሁለቱ አብሮ መጨመር እንደ ሁለት የተለያየ ልዩነት አይቆጠርም። በዚያን ዘመን ሰውን በዘር ለመመደብ ይደረግ የነበረው የአካል ልኬት ዛሬ ተቀባይነት የለውም። ቀመሩ ግን በኮምፒውተር ሳይንስ ውስጥ ያፈነገጠ መረጃን ለመለየትና ለምደባ እስካሁን ያገለግላል።

በ1923 ኒርማልኩማሪን (ራኒ) አገባ። ሁለቱም የባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር የቅርብ ወዳጆች ነበሩ፤ ማሃላኖቢስ ታጎር ላቋቋመው ቪሽቫ ባራቲ ለአሥር ዓመት ያህል በጸሐፊነት ሠርቷል።

የጎርፍ ጥናቶች

በ1922 ሰሜን ቤንጋልን ጎርፍ ካጠፋው በኋላ መሐንዲሶች ውሃውን የሚያዘገዩ ታላላቅ ማጠራቀሚያዎች እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረቡ። ማሃላኖቢስ የብዙ ዓመታት የዝናብና የጎርፍ መዝገብ አገላብጦ ገንዳዎቹ ጥቅም እንደሌላቸው፣ የሚያስፈልገውም ውሃው ቶሎ እንዲፈስስ መንገድ መክፈት እንደሆነ አሳየ። በ1926 በኦሪሳ ለደረሰው ጎርፍ ደግሞ የወንዙ ወለል ከፍ ብሏልና ግድግዳው ከፍ ይደረግ ተብሎ ነበር። የቀደሙት ዓመታት መዝገብ ሲመረመር ወለሉ እንዳልተለወጠና ምክንያቱ በላይኛው ተፋሰስ የዘነበው ከባድ ዝናብ እንደሆነ ተገኘ። እነዚህ ሥራዎች በመንግሥት ዘንድ አሳወቁት። በአንድ ዓመት ጉዳት ላይ ተመሥርቶ የሚደረስ ድምዳሜ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችልም አስተማሩት።

የህንድ ስታቲስቲክስ ተቋም

በፕሬዚደንሲ ኮሌጅ የፊዚክስ ክፍል ውስጥ በአንድ ክፍል የጀመረው የስታቲስቲክስ ቤተ ሙከራ በዲሴምበር 17 ቀን 1931 ወደ ህንድ ስታቲስቲክስ ተቋም አደገ። በ1933 ተቋሙ ሳንክያ የተባለውን መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ራጅ ቻንድራ ቦስ፣ ሳማሬንድራ ናት ሮይ እና ካልያምፑዲ ራዳክሪሽና ራኦ በዚህ ተቋም ሠርተው በዓለም የታወቁ ሆኑ። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸርም ተቋሙን ጎብኝቷል።

የጁት ማሳ ጥናት

ናሙና ማለት ከብዙው ጥቂቱን ወስዶ ስለ ብዙው ማወቅ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እህል ገዢ ጆንያውን ከላይ ብቻ አይቶ አይገዛም፣ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ይዘግናል። አከራካሪው ጉዳይ የቱ ጥቂት ይወሰድ የሚለው ነበር። ኖርዌያዊው አንደርስ ኪየር በ1895 አገርን በሙሉ ሳይቆጥሩ በናሙና ማጥናት እንደሚቻል ለዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲያቀርብ ብዙ ተቃውሞ ገጠመው። በ1934 የርዚ ኔይማን አጥኚው በራሱ ግምት «ይወክላሉ» ብሎ ከሚመርጣቸው ይልቅ በዕጣ የሚወጡት እንደሚሻሉ በሒሳብ አስረዳ፤ በዕጣ የተወሰደ ናሙና ብቻ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ራሱ ይናገራልና። በህንድም ጆን ሀባክ የተባለ ባለሥልጣን በ1920ዎቹ የሩዝ ምርትን በዕጣ በተመረጡ ቦታዎች ለመለካት ሞክሮ ነበር።

ጁት ጆንያ የሚሠራበት ቃጫ ያለው ተክል ሲሆን የቤንጋል ዋና የወጪ ንግድ ምርት ነበር። ምን ያህል ማሳ በጁት እንደተሸፈነ ግን በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። በቤንጋል እንደ ሌሎች የህንድ ክፍሎች የመንደር መሬት መዝጋቢ ስላልነበረ መረጃው የሚመጣው ከመንደር ዘበኞችና ከአካባቢ ሹሞች የዓይን ግምት ነበር።

ማሃላኖቢስ በ1937 የጀመረውን ሙከራ በየዓመቱ እያሰፋ በ1941 መላውን ክፍለ ሀገር አዳረሰ። አሠራሩ እንዲህ ነበር። በማሳ ካርታ ላይ ነጥቦች በዕጣ ይወጣሉ። ቆጣሪው ነጥቡ ያረፈበትን ቦታ ረግረግም ይሁን ከመንገድ የራቀ ፈልጎ ያገኛል፤ በዚያ ያለውን ሰብልም ይመዘግባል። የሚሄድበትን ቦታ ራሱ መምረጥ አይፈቀድለትም።

ከዚህ ሥራ ሦስት ነገሮች ለዘዴው እድገት ዋና ሆኑ።

የመጀመሪያው የሙከራ ቅኝት ነው። ማሃላኖቢስ ትልቁ ጥናት ከመጀመሩ በፊት በትንሽ አካባቢ እየሞከረ አንድ ቆጣሪ ለጉዞ፣ ለልኬትና ለመጻፍ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ይመዘግብ ነበር። የናሙናው ብዛት ሲጨምር ስሕተቱ ምን ያህል እንደሚቀንስም ያሰላል። ሁለቱን አዛምዶ በተሰጠው ገንዘብ የተሻለውን ውጤት የሚያስገኘውን የናሙና ብዛትና ስፋት ይወስናል። ስለዚህ የናሙና መጠን በልማድ የሚቆረጥ መሆኑ ቀርቶ ከወጪና ከስሕተት ስሌት የሚወጣ ሆነ።

ሁለተኛው የተሰባጠሩ ንዑስ ናሙናዎች ዘዴ ነው። አንዱ አካባቢ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ራሳቸውን የቻሉ ናሙናዎች ይሸፈናል፤ እያንዳንዱም ለተለያየ የቆጣሪ ቡድን ይሰጣል። ቡድኖቹ አንዱ የሌላውን ውጤት ሳያውቅ ይሠራል። ውጤቶቹ ከተቀራረቡ እምነት ይጨምራል። በጣም ከተራራቁ ስሕተቱ ከዕጣው ሳይሆን ከሰዎቹ እንደሆነ ይጠረጠራል። ማሳው ድረስ ሳይሄድ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅጽ የሚሞላ ቆጣሪ በዚህ መንገድ ይታወቃል። ማሃላኖቢስ ናሙና ብዙ በሆነ ቁጥር የዕጣው ስሕተት ቢቀንስም የሰው ስሕተት እንደማይቀንስ ደጋግሞ አሳስቧል። እንዲያውም ቆጣሪ ሲበዛ ቁጥጥሩ ይላላና የሰው ስሕተት ሊጨምር ይችላል።

ሦስተኛው የሰብል ናሙና አጨዳ ነው። ምርትን ለማወቅ ገበሬውን ከመጠየቅ ይልቅ በዕጣ በወጣ ቦታ ትንሽ ክብ ተለክቶ ይታጨዳል፣ ይመዘናል። ችግሩ ክቡ በጣም ትንሽ ሲሆን ይመጣል። አጫጁ በድንበሩ ላይ ያሉትን ተክሎች ወደ ውስጥ ማስገባት ይቀናዋል። የክብ ዙሪያ ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ የሚሆነው በትናንሽ ክቦች ስለሆነ ምርቱ ከእውነቱ በላይ ይታያል። ስንት ስፋት ይበቃል በሚለው ላይ ማሃላኖቢስ ከሌላው ህንዳዊ ሊቅ ከፓንዱራንግ ሱክሃትሜ ጋር ለረጅም ጊዜ ተከራክሯል። ሱክሃትሜ ሰፋ ያለ ቦታ እንዲታጨድ ይመክር ነበር።

መንግሥት ማሳን ሁሉ አንድ በአንድ አስቆጥሮ ያገኘው ውጤት ሲነጻጸር ሙሉ ቆጠራው ከናሙናው በጣም ውድ ሆኖ ሳለ ከንግድና ከጉምሩክ መዝገብ በብዙ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ናሙናው ግን ከመዝገቡ ጋር ተቀራረበ። ሁሉን መቁጠር ሁልጊዜ ይሻላል የሚለው እምነት በዚህ ተፈተነ። ማሃላኖቢስ ዘዴውን በ1944 በለንደን ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት አሳተመ፤ በ1945ም የሶሳይቲው አባል ሆነ።

የቤንጋል ረሃብ ጥናት

በ1943 ቤንጋልን ታላቅ ረሃብ መታው። ጃፓን በርማን በመያዟ የሩዝ ማስገቢያው ተዘግቶ፣ ጦርነቱ ዋጋን አንሮ፣ በ1942 የደረሰው አውሎ ነፋስም ሰብል አጥፍቶ ነበር። ስንት ሰው እንደሞተ ሲጠየቅ መልሱ እንደ ተጠያቂው ተለያየ። የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን 1.5 ሚሊዮን ያህል ብሎ ገመተ። ቀደም ብሎ በካልካታ ዩኒቨርሲቲ የአንትሮፖሎጂ ክፍል ከተወሰደ ናሙና የተሰላው ቁጥር ከዚህ በእጅጉ ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን ናሙናው ክፉኛ ከተጎዱ ቦታዎች የተወሰደ በመሆኑ ለመላው ቤንጋል አይሠራም ተብሎ ተነቀፈ። የኋለኞቹ ተመራማሪዎች ግምት ከኮሚሽኑ ከፍ ያለ ሲሆን፣ አማርትያ ሴን ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ እንደሆነ ጽፏል።

የማሃላኖቢስ ተቋም በ386 መንደሮች ውስጥ ከ15 ሺህ በላይ ቤተሰቦችን በናሙና መርጦ ከረሃቡ በፊትና በኋላ የነበራቸውን ኑሮ ጠየቀ። ውጤቱ በ1946 ታተመ። ጥናቱ ረሃቡ ሁሉን እኩል እንዳልመታ አሳየ። ክፉኛ የተጎዱት መሬት የሌላቸው የቀን ሠራተኞች፣ ዓሣ አጥማጆችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ብዙ ትናንሽ ገበሬዎች የሩዝ መሬታቸውን ሸጠዋል ወይም አስይዘዋል፤ ስለዚህ የሩዝ ዋጋ ከወረደ በኋላም ወደ ቀድሞ ኑሯቸው መመለስ አልቻሉም። እንዲህ ያለ ጥናት የራሱ ገደብ አለው። የሚጠየቁት የተረፉት ናቸው፤ ሙሉ በሙሉ ያለቀ ቤተሰብ በሩ ቢንኳኳ የሚመልስ የለውም።

ብሔራዊ የናሙና ጥናት

ህንድ በ1947 ነጻ ከወጣች በኋላ መንግሥቱ ስለ ሕዝቡ ገቢ፣ ፍጆታና ሥራ የሚያውቀው በጣም ጥቂት ነበር። በ1949 ማሃላኖቢስ የብሔራዊ ገቢ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ፤ በ1950 ደግሞ በእሱ ዕቅድ ብሔራዊ የናሙና ጥናት ተጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ከአገሪቱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መንደሮች 1,833ቱ ተመረጡ። መንደር በመጀመሪያ ደረጃ፣ ቤተሰብ በሁለተኛ ደረጃ በዕጣ ይወጣ ነበር። ቆጣሪዎች በብዙ ቋንቋዎች መጠየቅ፣ ከቦታ ቦታ የሚለያየውን የእህል መስፈሪያና የመሬት መለኪያ ወደ አንድ ማምጣት ነበረባቸው።

የአጠያየቅ ጉዳይም ተፈተሸ። ሰው ባለፈው ሳምንት ስለበላው ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ባለፈው ወር ስለበላው ሲጠየቅ ከሚሰጠው ጋር ወደ አንድ መለኪያ ቢመጣም አይገጥምም። የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ የዛሬ የፍጆታ ጥናት አዘጋጆችንም ያከራክራል።

ማሃላኖቢስ ከ1947 እስከ 1951 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የናሙና ንዑስ ኮሚሽን ሰብሳቢ ነበር። ኮሚሽኑ የናሙና ጥናት ሪፖርት ምን ምን ማካተት እንዳለበት መመሪያ አውጥቷል። በ1950 በካልካታ የተከፈተው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ትምህርት ማዕከል ከእስያና ከአፍሪካ አገሮች የመጡ ባለሙያዎችን አሠልጥኗል። በህንድ የመጀመሪያው ዲጂታል ኮምፒውተር ከእንግሊዝ ተገዝቶ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተተከለውም በእሱ ተቋም ነው።

የኢኮኖሚ ዕቅድና ትችት

ማሃላኖቢስ የጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ አማካሪ ሆኖ የህንድን ሁለተኛ የአምስት ዓመት ዕቅድ (1956–1961) መሠረት አዘጋጀ። ዕቅዱ ብረትና ማሽን ለሚያመርቱ ከባድ ኢንዱስትሪዎች ቅድሚያ ሰጠ። ተቺዎች ግብርናንና የዕለት ፍጆታን ችላ ብሏል፤ ለመንግሥትም ከመጠን በላይ ሥልጣን ሰጥቷል ይላሉ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በደረሰው ድርቅ ህንድ ብዙ እህል ከውጭ ማስገባቷ ትችቱን አጠናከረው።

በናሙና ጥናቱም ላይ ክርክር ነበር። የእህል ምርትን በተመለከተ ብሔራዊ የናሙና ጥናቱና የግብርና ሚኒስቴር ያወጧቸው ቁጥሮች አልተስማሙም። በተቋሙ ውስጥ ደግሞ ሥልጣንን በእጁ ያጠቃልል ነበር የሚል ወቀሳ ቀርቦበታል።

የመጨረሻ ዓመታትና መታሰቢያ

በ1959 የህንድ ፓርላማ ተቋሙን ብሔራዊ ጠቀሜታ ያለው ብሎ በሕግ ዕውቅና ሰጠው። ማሃላኖቢስ በ1968 ፓድማ ቪቡሻን የተባለውን ከፍተኛ ሽልማት ተቀበለ። ጁን 28 ቀን 1972፣ 79ኛ ዓመቱን ሊይዝ አንድ ቀን ሲቀረው አረፈ። ልጅ አልነበረውም። ከ2007 ጀምሮ የልደቱ ቀን በህንድ የስታቲስቲክስ ቀን ሆኖ ይከበራል።

ዘዴው በኢትዮጵያ

ማሃላኖቢስ ባረፈበት ዓመት ክረምት በሰሜን ኢትዮጵያ ዝናብ ጠፋ፤ በቀጣዩ ዓመት የወሎ ረሃብ ደረሰ። አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው ድህነትና ረሃብ በተሰኘው መጽሐፉ የቤንጋልንና የወሎን ረሃብ ጎን ለጎን መርምሯል። በቤንጋሉ ምዕራፍ የማሃላኖቢስን ጥናት ተጠቅሞ የትኛው የሙያ ክፍል ይበልጥ እንደተጎዳ አሳየ። በወሎው ምዕራፍ ደግሞ ገበሬው ሰብሉ ሲጠፋ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አቅም እንዳጣ ተከራከረ። የሴን ድምዳሜ ተቃዋሚዎችም አሉት፤ በወሎ የምግብ እጥረቱ ራሱ ከባድ ነበር የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምም የኢትዮጵያ ገበሬ ለረሃብ ያለውን ተጋላጭነት በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አጥንቷል።

ቆቦ የናሙና ምርጫ ለምን ሕይወትን እንደሚነካ ለማየት ጥሩ ምሳሌ ናት። ከተማዋ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ በወልዲያና በአላማጣ መካከል ትገኛለች። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የተራቡ ሰዎች በዚሁ መንገድ ዳር ተሰብስበው በአላፊ አግዳሚው ይታዩ ነበር። በመኪና የሚያልፍ ታዛቢ ግን የሚያየው መንገዱ ድረስ መምጣት የቻለውን ብቻ ነው፤ በዞብል ተራሮች በኩል ወይም በምዕራቡ ገደል አናት ከቤቱ ሳይወጣ የቀረውን አያይም። በደህናው ዘመንም ተመሳሳይ ስሕተት በተቃራኒው ይሠራል፤ መንገድ ዳር ያለው መንደር ለገበያ፣ ለጤና ጣቢያና ለእርዳታ የቀረበ ስለሆነ የሩቁን ችግር ይሸፍናል። እንግሊዛዊው ሮበርት ቻምበርስ በ1983 ይህን የመንገድ ዳር አድልዎ ከገጠር ጥናት ዋና ዋና ስሕተቶች አንዱ አድርጎ ጽፎታል። የማሃላኖቢስ ነጥብ ቆጣሪውን ወደ ረግረጉ የሚልከው ይህን ለማስቀረት ነው።

በቆቦ ሜዳ ማሽላና ጤፍ ይዘራል። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ የሚደርሰው ማሳና በዝናብ ብቻ የሚተማመነው ማሳ በአንድ ክረምት በጣም የተለያየ ምርት ሊሰጡ ይችላሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ማሳዎቹን በመጀመሪያ በዓይነት ከፍሎ ከእያንዳንዱ ክፍል ለብቻ ዕጣ ማውጣት ይሻላል። ይህ በክፍል የተመደበ ናሙና ይባላል። ሁሉንም ደባልቆ ዕጣ ማውጣት ከአድልዎ ነጻ ቢሆንም፣ በአጋጣሚ ጎርፍ የጠጡት ማሳዎች በዝተው ከወጡ የዓመቱ ምርት ከእውነቱ በላይ ይገመታል።

በኢትዮጵያ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት በ1960ዎቹ ብሔራዊ የናሙና ጥናት በሁለት ዙር አካሂዷል። አገሪቱ ያኔ ገና የሕዝብ ቆጠራ ስላላደረገች የሕዝቡ ብዛት የሚገመተው ከእንዲህ ያለ ጥናት ነበር። የመጀመሪያው ቆጠራ በግንቦት 1976 ዓ.ም. ሲደረግ ከ42 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተገኘ፤ ይህም ቀድሞ ከተገመተው በብዙ ሚሊዮን ይበልጥ ነበር። ያም ቆጠራ ቢሆን በጸጥታ ችግር ያልተደረሰባቸው ቦታዎች ስለነበሩ ከፊሉ በግምት የተሞላ ነው። ናሙናና ቆጠራ አንዱ ሌላውን የሚያርም እንጂ የሚተካ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ዓመታዊ የግብርና ናሙና ጥናት የቆጠራ ቦታዎችን፣ ቀጥሎ አርሶ አደር ቤተሰቦችን በዕጣ ይመርጣል። በተመረጠው ማሳ ላይ 4 በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ተለክቶ ይታጨዳል፤ ምርቱም ይመዘናል። ከቀበሌ ወደ ላይ እየተደመረ የሚመጣው የግብርና መሥሪያ ቤቶች ሪፖርት ከዚህ ጥናት ጋር የማይገጥምበት ጊዜ አለ፤ ይህም በህንድ ከታየው ክርክር ጋር ይመሳሰላል።

በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ645 የቆጠራ ቦታዎች 16,650 ቤተሰቦችን በመጠየቅ ስለ መላው አገር መረጃ ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ናሙናው የተዘጋጀው ለአገርና ለክልል ደረጃ ነው። የአማራ ክልልን የሚመለከት ቁጥር ለቆቦ ወረዳ ብቻ እንደሚሠራ አድርጎ መጥቀስ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚፈጽሙት ስሕተት ነው። ከክልሉ ውስጥ ወደ ቆቦ የወጣው ዕጣ በጣም ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ጭራሽ ላይወጣም ይችላል።

ዕጣ ለማውጣት በመጀመሪያ ሙሉ ዝርዝር ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ከዚያ ወዲህ ከተሞች አድገዋል፤ ብዙ ሰው በጦርነትና በድርቅ ከቤቱ ተፈናቅሏል። ስለዚህ በዛሬ የናሙና ጥናት ጥራት የሚወሰነው በስሌቱ ብቻ አይደለም። ቆጣሪው በተመረጠው ቦታ ያሉትን ቤቶች ከመጠየቁ በፊት አንድ በአንድ እየዞረ እንደ አዲስ መመዝገቡ ወሳኝ ነው፤ ከዝርዝሩ የጎደለ ቤት ዕጣ አይደርሰውምና።